ረቂቅና ሸፍጥ፦ አንድ የእንግሊዝኛ ቅጽል በጎጃም ሲነበብ

(በደጀን ከተማ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለነዋሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ የተጻፈ)



የዛሬው ንግግሬ መነሻ አንዲት የእንግሊዝኛ ቅጽል ናት፦ «ጀዝዊቲካል»። ቃሉ የተወሰደው ከአንድ የካቶሊክ ማኅበር ስም ነው፤ እኛ «ኢየሱሳውያን» ከምንላቸው። እንግሊዛውያን አንድን ክርክር በዚህ ቃል ሲጠሩት፣ ክርክሩ ከልክ በላይ ረቋል፣ ቃሉ ትክክል ይመስላል እንጂ ልቡ ጠማማ ነው፣ ተናጋሪው ሐሰት ሳይናገር ያታልላል ማለታቸው ነው። እንግዲህ አንድ የትርጉም ተማሪ «ጀዝዊቲካል መልስ ሰጠ» የሚል ዐረፍተ ነገር ቢያጋጥመውና የማኅበሩን የአማርኛ ስም ተከትሎ «ኢየሱሳዊ መልስ ሰጠ» ብሎ ቢጽፍ ምን ይሆናል? የአማርኛ አንባቢ የሚረዳው የዋህነትን፣ ትሕትናን፣ ምናልባትም ጉንጭን አዙሮ መስጠትን ነው። ስድቡ ምስጋና ሆኖ ይወጣል። ቃል በቃል ታማኝ የሆነ ትርጉም ከዚህ የበለጠ ሊሳሳት አይችልም።

ታዲያ በአማርኛ ምን እንበለው? ጥያቄው የመዝገበ ቃላት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ሰው አላስቸግርም ነበር። ነገር ግን ይህ ማኅበር ለጎጃም እንግዳ አይደለም፤ የጎጃም ሊቃውንትም ለረቂቅ ክርክር እንግዶች አይደሉም። ስለዚህ ቃሉን ለመተርጎም ከመሞከራችን በፊት ከየት እንደ መጣና እኛ ዘንድ ሲደርስ ምን እንደሚገጥመው እንመልከት። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሌላ ካላልሁ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የኢየሱስ ማኅበር ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ ከጓደኞቹ ጋር የመሠረተው፣ ጳጳሱ ጳውሎስ ሣልሳዊ በ1540 ያጸደቁት ማኅበር ነው። «ጀዝዊት» የሚለው ስም ራሱ ሌሎች ያወጡላቸው፣ መጀመሪያ ላይ የዘለፋ ቃና የነበረው ነው፤ እነርሱ በኋላ ለመዱት። ቅጽሉ ግን የእንግሊዝ ሥራ ነው። በ1585 በንግሥት ኤልሳቤጥ ዘመን የወጣው ሕግ፣ በውጭ አገር የተሾመ የካቶሊክ ካህን በእንግሊዝ ምድር መገኘቱን ብቻ እንደ አገር ክሕደት ቈጠረው፤ ካህን በቤቱ የሸሸገም በሞት ይቀጣ ነበር። መርማሪዎች በሌሊት ደጅ ደብድበው «በዚህ ቤት ካህን አለን?» ብለው ይጠይቃሉ። «አለ» ያለ ሰው እንግዳውንም ራሱንም ለገመድ አሳልፎ ይሰጣል። «የለም» ያለ ደግሞ ዋሽቷል፤ በሐሰት መማልም በካቶሊክ ትምህርት ከባድ ኃጢአት ነው።

ከዚህ ጭንቅ ውስጥ የወጣው መልስ ነው ስሙን ያስገኘው። በ1595 ኢየሱሳዊው ገጣሚ ሮበርት ሳውዝዌል ለፍርድ ሲቀርብ፣ አንዲት ሴት እንዲህ ያለ ጥያቄ ቢቀርብላት «የለም» ብላ እንድትምል፣ በልቧ ግን «ልነግራችሁ የሚገባኝ የለም» የሚለውን እንድትጨምር አስተምሯታል ተብሎ ተከሰሰ። የማኅበሩ የእንግሊዝ አለቃ ሄንሪ ጋርኔት ይህንኑ አነጋገር የሚያብራራና የሚደግፍ ጽሑፍ አዘጋጅቶ ነበር። በ1605 ፓርላማውን በባሩድ ለማጋየት የታቀደው ሴራ ሲገለጥ ጋርኔት ተያዘ፤ በ1606ም ተሰቀለ። በዚያው ዘመን በተጻፈው የሼክስፒር «ማክቤዝ» ውስጥ አንድ ሰካራም በረኛ የገሃነምን ደጅ የሚጠብቅ መስሎ ሲያወራ፣ ከሚቀበላቸው ኃጥአን አንዱ እንዲህ ቃል የሚያማታ ሰው ነው፤ ብዙ ተመራማሪዎች ከጋርኔት ጋር ያገናኙታል። የለንደን ተመልካች ስሙ ሳይጠራ ማን እንደ ሆነ ሳይገባው አይቀርም። ቅጽሉ በእንግሊዝኛ ሥር የሰደደው በዚህ ወቅት፣ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። ስሙን ያወጡት ደጅ ደብዳቢዎቹ እንጂ ከደጁ ኋላ የተሸሸጉት አይደሉም፤ ይህን ማስታወስ የቃሉን ክብደት ለመመዘን ይረዳል።

በፈረንሳይ ደግሞ ብሌዝ ፓስካል በ1656 እና በ1657 ባወጣቸው አሥራ ስምንት ደብዳቤዎች ኢየሱሳውያንን ከሌላ ወገን ወጋቸው። እርሱ የተቸው የንስሐ አባቶች መመሪያቸውን ነው። አንድ ሕግ ለእያንዳንዱ ጉዳይ እንዴት እንደሚውል የሚመረምር የትምህርት ዘርፍ ነበራቸው። አሳቡ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ የእኛም የንስሐ አባት ለአራስና ለጎልማሳ፣ ለበሽተኛና ለጤነኛ አንድ ዓይነት ቀኖና አይሰጥም። ፓስካል የሚለው ግን ይህ መመዘን ወደ ማመካኘት ተለውጧል፣ ባለጠጋና ባለሥልጣን ለሚሠራው ኃጢአት ሁሉ ቀዳዳ ተበጅቶለታል ነው። ሣቁ መርዛም ነበር፤ ከማኅበሩም ስም ላይ ሳይለቅ ቀረ።

በቅንፍ አንድ ነገር ልጨምር። በልብ የሚጨመረውን ቃል ትምህርት ያስፋፋው ማርቲን ደ አስፒልኩዌታ ኢየሱሳዊ አልነበረም። አጠራጣሪ በሆነ ጉዳይ አሳማኝ ምክንያት ያለውን አሳብ መከተል ይቻላል የሚለውን ትምህርት በ1577 ያቀረበው ባርቶሎሜ ደ መዲናም የዶሚኒካውያን ማኅበር አባል ነበር። በ1679 ጳጳሱ ኢኖሰንት 11ኛ የልብ ጭማሪውን ልቅ አጠቃቀም ሲያወግዙ፣ ያወገዙት የአንድ ማኅበር ብቻ ያልሆነ አስተሳሰብ ነው። ስሙ ግን ከአንዱ ጋር ተጣበቀ። ሰው ስም የሚያወጣው መዝገብ አገላብጦ አይደለም።

አሁን ወደ ጭብጡ ልግባ። ኢየሱሳውያኑ ሁለት ነገር ይለዩ ነበር። አንደኛው መንታ ቃል ነው፤ ተናጋሪው ሁለት ፍቺ ያለው ቃል ይናገራል፣ ሰሚው አንዱን ይይዛል፣ ተናጋሪው ሌላውን አስቧል። ሁለተኛው የልብ ጭማሪ ነው፤ ግማሹ በአፍ ይነገራል፣ ግማሹ በልብ ይቀራል፣ ሁለቱ ሲገጣጠሙ እውነት ይሆናሉ፣ ሰሚው ግን ግማሹን ብቻ ያገኛል። ይህን ስነግራችሁ ከመካከላችሁ ቅኔ የተቀኛችሁ ሁሉ ፈገግ እንዳላችሁ አያለሁ። መንታ ቃል እኮ ኅብር ነው! ከላይ ሌላ ዛፍ መስሎ ውስጡ ወይራ የሆነው ደግሞ ውስጠ ወይራ ነው። ጎንጅና ዋሸራ፣ ዲማና ደብረ ኤልያስ ስንት ዘመን ሲያስተምሩት የኖሩትን፣ ለንደን ላይ ያስተማረው ሰው ተሰቀለበት ማለት ነውን?

መመሳሰሉ እውነት ነው። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ዶናልድ ሌቪን በ1965 «ሰምና ወርቅ» የሚለውን ስም ለመጽሐፉ ሲሰጥ፣ የቅኔን መንታነት ከማኅሌቱ አውጥቶ የአማራ ሕዝብ አነጋገርና አኗኗር መግለጫ አድርጎታል። መጽሐፉ ትልቅ መጽሐፍ ነው፤ አክብሬ አነበዋለሁ። በዚህ ነጥብ ላይ ግን አልስማማም። ቅኔ ተናጋሪና ሸፍጥ ተናጋሪ አንድ ዓይነት መሣሪያ ይዘው በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሄዱ ሰዎች ናቸው።

ልዩነቱን እንዲህ ልግለጸው። ባለቅኔው ወርቁን በሰም የሚሸፍነው እንዲገኝለት ነው። ጉባኤው ቁጭ ብሎ ያዳምጣል፤ መምህሩ ይነጥቃል፣ ያርማል፣ ይፈታል፤ ወርቁ ሳይገኝ ቢቀር የሚያፍረው ቀኚው ነው። ሰሚው መንታ ቃል እንደሚመጣበት አስቀድሞ ያውቃል፤ ስለዚህ ቁልፉ በእጁ ነው። በልቡ «ልነግራችሁ የሚገባኝ» የሚል ጨምሮ «የለም» የሚለው ሰው ግን ሙሉ ተስፋው ሰሚው ወርቁን እንዳያገኝ ነው። መርማሪው ቅኔውን የፈታ ዕለት ካህኑ ይሞታል። ስለዚህ ጥያቄው ቃሉ መንታ መሆኑ ላይ ሳይሆን ቁልፉ በማን እጅ ነው የሚለው ላይ ነው።

ከራሳችን ኑሮ አንድ ምሳሌ እናስብ። ሁለት ሰዎች በድንበር ተጣልተው ሽማግሌ ፊት ቀርበዋል እንበል። አንደኛው ከጓሮው አፈር ዘግኖ በጫማው ውስጥ ጨምሮ ይመጣና፣ በሚከራከሩበት ማሳ ላይ ቆሞ «የረገጥሁት የአባቴ መሬት ነው» ብሎ ይምላል። የተናገረው ቃል በፊደሉ እውነት ነው። ይህን ሰው በላ ልበልሃ የለመደ፣ ተጠየቅ ሲባል የኖረ የጎጃም ሽማግሌ ምን ይለዋል? «ባለቅኔ» አይለውም። «ነገር ዐዋቂ» እንኳ አይለውም፤ ነገር ዐዋቂ በአደባባይ ተጋጥሞ የሚረታ ነውና። ሸፍጠኛ ይለዋል። አማርኛ ለዚህ ነገር ቃል አጥቶ እንደማያውቅ ልብ በሉልኝ፤ ሸፍጥ የሚለው ቃል ደግሞ የማንም ማኅበር፣ የማንም ደብር፣ የማንም ወገን ስም አይደለም።

ሁለተኛ ቃልም አለን። «ረቂቅ» ስንል በቅድስና ለመላእክት ባሕርይ እንናገረዋለን፤ ለሊቅም ምስጋና ነው። «ተራቀቀ» ስንል ግን ግማሽ ምስጋና ግማሽ ትዝብት ነው። «እባክህ አትራቀቅብኝ» ያለ ሰው ደግሞ ክርክሩን ጠልቷል። በአንድ ሥር ላይ ምስጋናውም ነቀፋውም ተቀምጧል፤ የእንግሊዝኛው ቅጽል የሌለው ጸጋ ይህ ነው።

አሁን ኢየሱሳውያኑን ወደ እኛ አገር እናምጣቸው። በእንግሊዝኛው ቃል ብቻ የሚያውቃቸው ሰው ጎጃም የገቡት በተራቀቀ አንደበት አታልለው ነው፣ የተባረሩትም ተንኰላቸው ሲነቃባቸው ነው ብሎ ሊገምት ይችላል። ታሪኩ ሲነበብ የማገኘው ግን ከዚህ ይለያል።

በመጀመሪያ ረቂቅ ክርክር የጀመሩልን እነርሱ አይደሉም። በ1555 መልእክተኛቸው መጥቶ የኢትዮጵያ ክርስቲያኖች ቅዳሜን ያከብራሉ፣ ይገዘራሉ፣ የእሪያ ሥጋ አይበሉም፣ ስለዚህ አይሁዳውያን ናቸው የሚለው ክስ ሲነሣ፣ ዐፄ ገላውዴዎስ በዚያው ዓመት የሃይማኖት መግለጫቸውን ጻፉ። መልሳቸው ምን ነበር? ቅዳሜን የምናከብረው ውኃ እንደማይቀዱት፣ እሳት እንደማያነዱት እንደ አይሁድ ሳይሆን ቍርባን እያቀረብን ነው። ግዝረት ለእኛ የአገር ልማድ ነው፤ በኢትዮጵያና በኖባ ፊት እንደሚበጣ፣ በሕንድ ጆሮ እንደሚበሳ ያለ ነው። የእሪያን ሥጋ ያልበላ አይገደድም፣ የበላም አይነቀፍም። አሳባቸውን በራሴ ቃል አሳጥሬ ነው ያቀረብሁት። ድርጊቱ አንድ ነው፤ የሚሠራበት አሳብ ግን ይለያያል፤ ስለዚህ ፍርዱም ይለያያል ማለታቸው ነው። ይህ ፓስካል የቀለደበት ዓይነት ምርመራ ነው፤ እንዲያውም ከሚያምሩት አንዱ። ሸፍጥ ነውን? አይደለም። ንጉሡ የመለየቱን መሥፈርት በግልጽ ጽፈው ለተከራካሪው ልከውለታልና፤ ቁልፉን አስረክበዋል።

ከዚያ በ1603 ፔድሮ ፓኤዝ መጣ። ግእዝና አማርኛ ተማረ፤ ከሊቃውንት ጋር ተቀምጦ ተከራከረ፤ በ1618 ሚያዝያ ወር ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሰከላ ድረስ ወርዶ የግሽ ዓባይን ምንጭ አየ። የጎጃም ገዢ የነበሩት የንጉሡ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ትምህርቱን ከተቀበሉት ቀዳሚዎች ናቸው። ክርክሩም በአመዛኙ በእኛው መጻሕፍት፣ በተለይ በሃይማኖተ አበው ላይ የቆመ ነበር። ፓኤዝ ብልህ ነበር፤ መቼ መናገር፣ መቼ መታገሥ እንዳለበት ያውቃል። ጠላቱ ቢሆን «ጀዝዊቲካል» ለማለት የሚመቸው ሰው እርሱ ነው። በ1622 ሱስንዮስ ካቶሊክነታቸውን በይፋ ገለጡ፤ ፓኤዝም በዚያው ዓመት ሞተ።

አፎንሶ ሜንዴስ ግን ሌላ ሰው ነበር። ፓትርያርክ ሆኖ መጥቶ በ1626 በደንቀዝ የንጉሡን መሐላ ተቀበለ። ከዚያም ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና እንዲሾሙ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደገና እንዲባረኩ፣ በዓላቱና አጽዋማቱ በሮም ሥርዐት እንዲሄዱ፣ ግዝረት እንዲቀር አዘዘ። መለየት የለ፣ መመዘን የለ፤ ገላውዴዎስ በትዕግሥት ለይተው ያቀረቡትን ሁሉ በአንድ ትእዛዝ ደፈጠጠው። አመፅ በየአገሩ ተነሣ። በኋላ ጥቂት ነገር ቢያላላም ጊዜው አልፎ ነበር። በ1632 ሰኔ በወይና ደጋ ከላስታ ዐመፀኞች ጋር በተደረገው ጦርነት ብዙ ሺህ ሰው ካለቀ በኋላ ሱስንዮስ ሕዝቡ ወደ ቀደመ ሃይማኖቱ እንዲመለስ አዋጅ አስነገሩ፤ በመስከረምም ሞቱ። ልጃቸው ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን በተከታዮቹ ዓመታት ከአገር አስወጡ። ራስ ሥዕለ ክርስቶስ እምነታቸውን እንዲለውጡ ቢጠየቁ እምቢ ብለው ተጋዙ። በአፋቸው አንድ ቃል ተናግረው በልባቸው ሌላ መጨመር ይችሉ ነበር፤ አላደረጉትም።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው፦ የካቶሊክ ተልእኮ በኢትዮጵያ የወደቀው ከመጠን በላይ ስለ ረቀቀ ሳይሆን ረቂቅነቱን ስለ ጣለ ነው። የተሳካለት በተራቀቀው በፓኤዝ እጅ ነበር፤ የጠፋው ግትር በሆነው በሜንዴስ እጅ። የሜንዴስ ዘመን ሥራ በምሥራቅ ጎጃም ምድር ዛሬም ይታያል፤ ከደጀን በቢቸና በኩል ወጥቶ መርጡለ ማርያም የሚደርስ ሰው፣ እቴጌ እሌኒ ካሠሩት ቤተ ክርስቲያን ቦታ ላይ ኢየሱሳውያን እንደገና ያነጹትን የተጠረበ ድንጋይ ፍርስራሽ ያገኛል። ተማሪዎች ይህን ሳታዩ እንዳትመረቁ እመክራለሁ።

ከዚህ የሚከተለው የንግግሬ ክፍል ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ በዚህ አዳራሽ ውስጥ የማንንም ልብ ላቈስል አልሻም። ኢየሱሳውያኑ ሄዱ፤ ያነሡት ጥያቄ ግን ቀረ። ክርስቶስ ማለት ቅቡዕ ማለት ከሆነ፣ በቃልና በሥጋ ተዋሕዶ ውስጥ የመንፈስ ቅዱስ ቅብዐት ምን ሠራ? የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊዎች የቅብዐትን ክርክር መነሻ በአመዛኙ ከዚህ ዘመን ሙግት ጋር ያያይዙታል። አንዱ ወገን «በተዋሕዶ ከበረ» አለ፤ ሌላው «በቅብዐት ከበረ» አለ፤ ሦስተኛው «በቅብዐት የጸጋ ልጅ» አለ። ከፋሲለደስ እስከ 1870 ዓመተ ምሕረቱ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ድረስ ነገሥታት በዚህ ላይ ጉባኤ ጠርተዋል፤ ደምም ፈስሷል። ጎጃም፣ በተለይም የምሥራቁ ክፍል፣ በዚህ ክርክር መካከል ነበር።

ከውጭ የሚመለከት ሰው «በአንድ ቃል ልዩነት ይህ ሁሉ?» ሊል ይችላል፤ ብሎም ያውቃል። የነገረ መለኮት መምህር ባልሆንም በዚህ አልስማማም። ረቂቅ መሆን ከንቱ መሆን አይደለም። በ«ተዋሕዶ» እና በ«ቅብዐት» መካከል ያለው ልዩነት ሰው ስለ አምላኩና ስለ መዳኑ የሚያምነውን የሚለውጥ መሆኑን ሁለቱም ወገኖች በቅንነት ያምኑ ነበር። የሚከራከሩትም በአደባባይ፣ መጽሐፍ ዘርግተው፣ ምስክር ጠርተው ነበር። እኔ የምመለከተው የቋንቋውን ጉዳይ ነው፦ ወገኖቹ እርስ በርሳቸው ያወጡትን ስም። ተዋሕዶዎችን ባላንጣዎቻቸው «ካራ» አሏቸው፤ የሚቈርጥ ቢላ ማለት ነው፤ ሦስተኛውን ልደት ቈርጠው ጣሉ በሚል። «ቅባት» የሚለውም በጊዜ ብዛት ከአሳብ ስምነት ወጥቶ የሰው መጥሪያ ሆነ፤ ዛሬ በብዙ ቦታ ሰው የሚከፋበት ስም ነው። የለንደኑ ታሪክ በእኛ መንደርም ደርሷል ማለት ነው። መጀመሪያ አሳብ ይለያል፤ ከዚያ አሳቡ የሰው ስም ይሆናል፤ በመጨረሻ ስሙ ያለ አሳቡ ለስድብ ይውላል፤ ያን ጊዜ ክርክሩን ማንም አይሰማውም።

ከዚህም የሚቀርበን ሌላ ምሳሌ አለ፤ ደብተራ። ቃሉ በግእዝ ድንኳን ነው፤ ደብተራ ኦሪትን የምናውቃት በዚህ ነው። ቀጥሎ በድንኳኑ የሚያገለግለው፣ ዜማውንና አቋቋሙን፣ ቅኔውን የያዘው ሊቅ ስም ሆነ። ከዚያስ? «አይ ደብተራ!» ሲባል የምትሰሙት ምንድን ነው? ተንኰል፣ አስማት፣ ክታብ፣ ዙሪያ ጥምጥም። እንግሊዞች የተማረ የሃይማኖት ማኅበር ስም ወስደው የብልጣ ብልጥነት ቅጽል እንዳደረጉት፣ እኛም የተማረ የቤተ ክርስቲያን ወገን ስም ወስደን እንዲሁ አድርገናል። ማንበብ የሚችል ሰው በጥቂቱ በሚገኝበት አገር የሚያነበው ሰው ሁልጊዜ ይጠረጠራል፤ እርሱ የሚያውቀውን እኛ አናውቅምና። ስለዚህ አንዳንድ ተርጓሚ «ጀዝዊቲካል»ን «የደብተራ ነገር» ብሎ ቢመልሰው እጅግ የሚገጥም ትርጉም ነው፤ ከመግጠሙ የተነሣም አልቀበለውም። የአንድን ሕዝብ ግፍ በሌላ ሕዝብ ግፍ መተርጐም ይሆናልና።

ስለ ማኅበሩ አንድ ነገር ቀርቶኛል። ከተባረሩ ከሦስት መቶ ዓመታት በኋላ፣ በ1945፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ካናዳውያን ኢየሱሳውያንን ጠርተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን አስረከቧቸው። መሪያቸው ሉሲየን ማት በ1950 ለተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆኑ። እዚህ የተቀመጥን መምህራን ሁላችን በአንድም በሌላም መንገድ የዚያ ኮሌጅ የልጅ ልጆች ነን። ሰዎቹ ሃይማኖታቸውን ላይሰብኩ፣ የክህነት ልብስም ላይለብሱ ተስማምተው ነው የመጡት፤ በክራባትና በኮት ያስተምሩ ነበር። አንድ የ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊ ይህን ቢያይ «ካህን ሆኖ እንደ ዓለማዊ መልበስ፣ ይኸው ጀዝዊቲካል!» ባለ ነበር። ነገር ግን ንጉሡ ያውቃሉ፣ ቤተ ክህነት ያውቃል፣ ተማሪውም ያውቃል። ኮቱ ሰም ነው፤ ወርቁ ለሁሉ የታወቀ።

እንግዲህ ወደ መነሻችን፣ ወደ ትርጉሙ እንመለስ። ለማኅበሩ አባል «ኢየሱሳዊ» የሚለውን ስም እንተውለት፤ ስሙ ነውና። ለቅጽሉ ግን አንድ ቃል አልመርጥም፤ እንደ አገባቡ ይለያያል። ተናጋሪው የሚነቅፈው ማታለልን ከሆነ «ሸፍጠኛ» ወይም «ሸፍጥ ያለበት» ይባል። የሚነቅፈው ከልክ ያለፈ መለያየትን ብቻ ከሆነ «አለቅጥ የተራቀቀ» ይበቃል። የሚነቅፈው ለተፈለገው ነገር ሁሉ ምክንያት መፈለግን ከሆነ «ሰበበኛ» የሚል ጥሩ ቃል አለን። ጽሑፉ ስለ ኢየሱሳውያን ራሳቸው የሚናገር የታሪክ ጽሑፍ ሲሆን ግን ስድቡ ስድብ መሆኑ መታየት አለበት፤ ያን ጊዜ «ኢየሱሳውያንን በሚጠሉ ሰዎች አነጋገር» የሚል ሐረግ ጨምሮ መጻፍ ይሻላል። ይረዝማል፤ ይርዘም።

የትርጉም ተማሪዎች ለሚቀጥለው ጊዜ የ«ማክቤዝ»ን በረኛ ትዕይንት ወደ አማርኛ መልሳችሁ ይዛችሁ ኑ። ቃል የሚያማታውን ኃጥእ ማን ብላችሁ እንደምትጠሩት፣ ለምን እንዲያ እንዳላችሁትም በግርጌው ጻፉ። «ደብተራ» ብሎ የሚመጣ ቢኖር አልቈጣም፤ ግን እዚህ ፊት ለፊት ከተቀመጡት የቅኔ መምህራን ጋር አቆመውና ይከራከራል። አሁን ጥያቄ ያለው እጁን ያንሣ፤ ከኋላ ካሉት እንጀምር።